እጅ ከትኩስ ነገር የሚሸሸው ሕመሙ ሳይሰማ ነው፤ እንዴት?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የጋለ ብረት የነካ እጅ መጀመሪያ ይሸሻል፤ ሕመሙ የሚሰማው ከዚያ በኋላ ነው። አንጎል ገና ካላወቀ እጁን ማን አዘዘው? ሕመሙስ ለምን ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ መጀመሪያ እንደ ውጋት፣ ቆየት ብሎ ደግሞ እየለበለበ?

ሰረሰር፦
ያዘዘው ኅብለ ሰረሰር ነው። በጣት ቆዳ ውስጥ ያሉት የነርቭ ጫፎች ሙቀቱ 45 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ሲደርስ መልእክት ያስነሳሉ። መልእክቱ በክንድ ነርቭ ወጥቶ አንገት አካባቢ ከኋላ በኩል ኅብለ ሰረሰር ውስጥ ይገባል። አገናኝ ኒውሮኖች (የነርቭ ሴሎች) ተቀብለው በፊት በኩል ለሚወጣው አንቀሳቃሽ ኒውሮን ያስተላልፉታል፤ ክንድ የሚያጥፈው ጡንቻም ይኮማተራል። በዚያው ቅጽበት ክንድ የሚዘረጋው ጡንቻ ይታገዳል። ይህን ብዙዎች ይዘነጉታል፤ እገዳው ባይኖር ሁለቱ ጡንቻዎች እርስ በርስ ይጓተቱ ነበር። መልእክቱ በሌላ መንገድ ወደ ተቃራኒው ጎን ተሻግሮ ወደ ታላመስ (በአንጎል መሃል ያለው የመልእክት ማስተላለፊያ)፣ ከዚያም ወደ አንጎል ቅርፊት ይወጣል። ሕመም ሆኖ የሚታወቀን ያኔ ነው፤ እጁ ግን ቀድሞ ተነሥቷል።

ማይሊን፦
ሁለቱን ሕመሞች የሚለያያቸው የክሮቹ ፍጥነት ነው። ውጋቱን የሚያመጡት ኤ-ዴልታ የተባሉ የነርቭ ክሮች ስስ ማይሊን (ክሩን የሚጠቀልል የስብ ሽፋን) ስላላቸው መልእክቱ በሴኮንድ ከ5 እስከ 30 ሜትር ይጓዛል። የሚለበልበውን ሕመም በሚያመጡት፣ ማይሊን በሌላቸው ሲ-ክሮች ግን ከ0.5 እስከ 2 ሜትር ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከጣት ጫፍ ኅብለ ሰረሰር ለመድረስ 1 ሴኮንድ ገደማ ሊፈጅ ይችላል። ማይሊን ባለው አክሰን (ረጅሙ የነርቭ ሴል ክር) ምልክቱን የሚያስነሣው ሶዲየም በብዛት የሚገባው በራንቪዬ ክፍተቶች፣ ማለትም ሽፋኑ በሚቋረጥባቸው ቦታዎች ላይ ነው፤ ምልክቱ ከክፍተት ወደ ክፍተት ይዘላል። ማይሊን በሌለው ክር ግን ምልክቱ ጠቅላላ ርዝመቱን ማዳረስ አለበት።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ፣ ገባኝ። ታዲያ ሰው ትኩስ ዕቃ ይዞ ሳይጥለው እንዴት ያስቀምጣል?

ሰረሰር፦
ከአንጎል የሚወርዱ መንገዶች እነዚያን አገናኝ ኒውሮኖች ሊገቱ ይችላሉ። ሙቀቱ አስቀድሞ ሲታወቅ ይሠራል፤ ድንገተኛ ሲሆን ግን እገዳው ጊዜ አያገኝም።

ሐኪም፦
ለምርመራ ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ኅብለ ሰረሰሩ ደረት ላይ ቢቆረጥ እግር ሕመም ሳይሰማው ሊሸሽ ይችላል። ጉዳቱ እንደደረሰ ግን ምላሾቹ ለቀናት ወይም ለሳምንታት ስለሚጠፉ ወዲያው መደምደም አይገባም።

የጉልበት ምላሽም፣ ማለትም ከጉልበት በታች በመዶሻ ሲመታ እግር በራሱ መነሣቱ፣ ጉዳቱ የት እንዳለ ያሳያል። መልቲፕል ስክለሮሲስ በተባለው በሽታ ማይሊኑ የሚጎዳው በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ውስጥ በመሆኑ ከላይ የሚመጣው ቁጥጥር ይላላል፤ ምላሹ ብዙ ጊዜ ከመጠን በላይ ይበረታል። ጊላን-ባሬ በተባለው የነርቭ በሽታ ግን የሚጠቃው ከኅብለ ሰረሰር የወጣው ነርቭ ራሱ ነው፤ ጉልበቱ በመዶሻ ሲመታ እግሩ አብዛኛውን ጊዜ አይነሣም። ሁለቱም እግሮች ደክመው ድካሙ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ወደ ላይ እየወጣ ከሆነ የመተንፈሻ ጡንቻዎችን ሊይዝ ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ የግድ ነው።