አዲስ የጭቃ ጎማ ሃይሉክስ ላይ ገጥሜያለሁ፤ ክረምት ሳይገባ እንዴት ልፈትሸው?

ጥያቄ ፦ የበቾ መንገደኛ

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው ቶዮታ ሃይሉክስ ሬቮ ደብል ጋቢና ነው፤ ናፍጣ፣ ማንዋል፣ ከፍታው ያልተነካ። የፋብሪካው ጎማ 265/65 አር 17 ነበር። አሁን አምስቱንም፣ ስኮርታውን ጨምሮ፣ በአዲስ የጭቃ ጎማ ቀይሬያለሁ። ልኩ ኤልቲ (ለቀላል ጭነት መኪና የሚሠራው ጠንካራ ጎማ) 265/70 አር 17፣ የጭነት ደረጃው ኢ፣ ጎኑ ላይ 121/118 ኪው (የጭነትና የፍጥነት ጣሪያው ምልክት) ይላል። የምንሄደው ከአዲስ አበባ ወደ ቱሉ ቦሎና በቾ ሜዳ፣ አልፎ አልፎም ወደ ጅማና ቦንጋ ነው። ከኋላ ከ400 እስከ 500 ኪሎ ማዳበሪያና ዘር እንጭናለን።

ሦስት ነገር ቸግሮኛል፦

1. መሪው ጥግ ድረስ ዞሮ ወደ ኋላ ስሄድ የፊት ግራ ጎማ የሆነ ነገር ይነካል።
2. ባላንስ ተሠርቶለት በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ላይ መሪው ይንቀጠቀጣል።
3. ንፋሱ ግራ አጋብቶኛል። የበሩ ምሰሶ ላይ ያለው ቁጥር ለድሮው ጎማ ነው፤ የአዲሱ ጎማ ጎን ደግሞ 80 ፒኤስአይ ይላል። ለአስፋልት ስንት፣ ለጭቃ ስንት ላድርገው?

መልስ ፦ ጎሚስታ ዘሰባተኛ

ወንድሜ፣ ከመንገዱ በፊት ቆሞ የሚሠራውን ጨርስ።

መጀመሪያ ጎማው ጎን ላይ ዶት ከሚለው ቀጥሎ የመጨረሻዎቹን አራት አሃዞች እይ። 2324 ካለ በ2024 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት ላይ ተሠርቷል ማለት ነው። አምስቱም ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። ሳይነዳ መጋዘን ውስጥ ብዙ ዓመት የከረመ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ላስቲኩ ስለሚደርቅ እርጥብ አስፋልት ላይ አይይዝም።

ቀጥሎ ዳዶዎቹ። ስድስቱንም በኮከብ ቅርጽ፣ ማለትም አንዱን አጥብቀህ ወደ ፊት ለፊቱ እየተሻገርክ፣ በሁለት ዙር አጥብቅ። በአየር መፍቻ ብቻ ተጠብቆ የወጣ ጎማ አይታመንም፤ መጨረሻውን በቶርክ ሬንች ጨርሰው። ልኩን ከመኪናው ማንዋል ላይ ውሰድ፤ የብረት ቸርኬና የአሉሚኒየም ቸርኬ ቁጥር አንድ አይደለም። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ እንደገና አጥብቅ። ይህን መዝለል ቡሎን ያስበላል።

አሁን መንቀጥቀጡ። መሪው ከተንቀጠቀጠ ችግሩ ፊት ነው፣ ወንበሩ ከተንቀጠቀጠ ኋላ ነው። የጭቃ ጎማ ጥርሱ ወፍራምና የተራራቀ ስለሆነ ብዙ የባላንስ እርሳስ ይፈልጋል። አንድ ቸርኬ በአንድ በኩል ከ150 ግራም በላይ ከጠየቀ እርሳስ መደርደሩን ትተህ ንፋሱን አስወጣ፣ ጎማውን ቸርኬው ላይ ግማሽ ዙር አዙረህ እንደገና አስለካ። ብዙ ጊዜ እርሳሱ በግማሽ ይወርዳል። ባላንሱ በውጭው ጠርዝ ብቻ ከተሠራም 80 ላይ መንቀጥቀጡ አይጠፋም፤ በውስጥም በውጭም መሠራት አለበት።

ይህን ስታሠራ ጎማውና ቸርኬው በሚገናኙበት ቦታ ላይ ሁለቱንም የሚያቋርጥ አጭር መስመር በነጭ ቀለም አስምር። ንፋስ አውርደህ ጭቃ ውስጥ ስትታገል ጎማው ቸርኬው ላይ ሊንሸራተት ይችላል። መስመሩ ከተሰበረ ባላንሱ ጠፍቷል፤ ሌላ ምክንያት መፈለግ አያስፈልግህም።

መልስ ፦ ባሌስትራ

ስለ መንካቱ ልጨምር። የድሮው ጎማ ቁመት 776 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ የአዲሱ 803። ስለዚህ በሁሉም አቅጣጫ 13 ሚሊ ሜትር ያህል ወጥቷል። መኪናውም በዚያው ልክ ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ፓራፋንጎው ውስጥ የነበረው ክፍተት በዚያው ልክ ጠቧል።

ሜዳ ላይ መሪ ማዞር ብቻውን አይበቃም። የፊት ግራውን ጎማ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ጠንካራ አፈር ላይ አውጣና መሪውን ጥግ ድረስ ወደ ሁለቱም በኩል አዙር፤ ከዚያ በቀኝ ድገመው። ጥርሶቹን ጠመኔ ቀባቸው፤ የነኩትን ቦታ ራሳቸው ያሳዩሃል። አራት ቦታ እይ፦ ከጎማው ኋላ ያለው የጭቃ መከላከያ፣ የፓራፋንጎው ውስጠኛ ፕላስቲክ፣ የላይኛው ብራቾ (ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው ክንድ)፣ የፍሬን ቱቦው።

ፕላስቲክ ብቻ ከሆነ ቀላል ነው። የጭቃ መከላከያውን የፊት ጠርዝ ትቆርጠዋለህ፣ ፕላስቲኩን በሙቅ አየር አለስልሰህ ወደ ኋላ ትገፋዋለህ። አላይመንት በሚሠራበት ጊዜም የታችኛው ብራቾ ማስተካከያ ቡሎን ተጠቅመው ጎማውን ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ፊት እንዲያመጡት ጠይቅ። ብራቾ ወይም የፍሬን ቱቦ ከነካ ግን ይህን ሳታስተካክል ከግቢ አትውጣ።

ስኮርታውንም በቦታው ሰቅለህ እይ። ከፍ ያለ ጎማ በሰንሰለቱ ሙሉ በሙሉ ካልተሳበ በኮረኮንች ላይ እየተወዛወዘ ማንጠልጠያውን ይበላዋል።

መልስ ፦ መሪ ጨባጭ

ስለ ንፋሱ። ጎማው ጎን ላይ ያለው 80 ጎማው የሚችለው ጣሪያ ነው እንጂ የሚሞላው ልክ አይደለም። የበሩ ምሰሶ ቁጥርም ለድሮው ጎማ የተሰላ ስለሆነ ያንሳል። ምክንያቱ ይህ ነው፤ ኤልቲ ጎማ አንድ ዓይነት ክብደት ለመሸከም ከተራው ጎማ የበለጠ ንፋስ ይፈልጋል። የድሮው ጎማህ የጭነት ቁጥሩ 112 ከነበረ 1,120 ኪሎ በ36 ፒኤስአይ አካባቢ ይሸከም ነበር፤ ይህ ኤልቲ ያንኑ ለመሸከም 50 ይጠይቃል። የአንተ የኋላ ጎማ ግን በሙሉ ጭነትም ያን ያህል አይደርስበትም። ስለዚህ መነሻህ፦

ባዶ፦ ፊት 34፣ ኋላ 32።
500 ኪሎ ተጭኖ፦ ፊት 35፣ ኋላ 42።

ከመነሻው ወደ ትክክለኛው ልክ የሚያደርሱህ ሁለት ፈተናዎች አሉ። የመጀመሪያው የጠመኔ ነው። በደረቅ ቀጥ ያለ አስፋልት ላይ ከጥርሱ ዳር እስከ ዳር ወፍራም መስመር አስምር፣ 150 ሜትር ያህል ቀስ ብለህ ሂድና ውረድ። መሐሉ ብቻ ከጠፋ ንፋሱ በዝቷል፤ ዳርና ዳሩ ብቻ ከጠፋ አንሷል። ሁለት ሁለት ፒኤስአይ እየቀየርክ እኩል እስኪጠፋ ድገም። ተጭኖና ባዶውን ለየብቻ አድርገህ ቁጥሩን ጻፈው።

ሁለተኛው የሙቀት ነው። ጠዋት ፀሐይ ሳይነካው ለካ፣ አንድ ሰዓት ያህል በ80 ንዳ፣ ቆመህ ወዲያው ለካ። ለኤልቲ ጎማ 6 ፒኤስአይ ገደማ መጨመር ጤነኛ ነው። ከዚያ በላይ ከጨመረ ጎማው በጣም እየታጠፈ እየሞቀ ነው፤ የጠዋቱን ንፋስ በ2 ወይም በ3 ከፍ አድርግ። 2 ብቻ ከጨመረ ደግሞ ደርቆ ነው የሚሄደው፤ ትንሽ ቀንስ። ሞቆ ከፍ ያለውን ንፋስ ግን እዚያው በሙቀቱ አታውርድ።

እዚህ ላይ እኛ አገር የሚያሳስት ነገር አለ፦ ከፍታ። መለኪያው የሚያሳየው በጎማው ውስጥና በውጭው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። አዲስ አበባ ላይ የውጭው አየር ግፊት 11 ፒኤስአይ ገደማ ነው፤ ጋምቤላ ከተማ ላይ 14 ይጠጋል። ስለዚህ ወደ ቆላ ስትወርድ ከፍታው ብቻውን ከመለኪያህ ላይ 3 ፒኤስአይ ያህል ይቀንሳል፤ የቆላው ሙቀት ደግሞ መልሶ ያንኑ ያህል ይጨምራል። 35 ሞልተህ ወጥተህ ጋምቤላ 35 ካገኘህ ምንም አልጠፋም፤ መሙላት አያስፈልግም። የሙቀቱን ፈተና ግን ቁልቁለት ባለበት መንገድ አታድርገው። ከአዲስ አበባ አዳማ እንኳ አንድ ፒኤስአይ ያህል ይደብቅብሃል። በአንድ ከፍታ ላይ ሂድና ተመለስ።

መልስ ፦ ዝናብ በአስፋልት

አጭር ነገር፦ ፍጥነት መለኪያህ 100 ሲል ድሮ ከነበረው 3 በመቶ ያህል ፈጥነህ ነው የምትሄደው። ከሁሉም በላይ እርጥብ አስፋልት ላይ ተጠንቀቅ። የጭቃ ጎማ የሚነካው የአስፋልት ስፋት ትንሽ ነው፤ ጥርሱ ላይም ውሃ የሚያባርሩ ቀጫጭን ስንጥቆች ብዙ የሉትም። ባዶ ቦታ ፈልገህ ከ40 ጀምሮ ፍሬን እየያዝክ ርቀቱን በዓይንህ ተለማመደው። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ደግሞ በለስላሳ ንዳ፤ ከፋብሪካ ሻጋታ ለማላቀቅ የሚቀባው ቅባት እስኪለቅ ያንሸራትታል። ደረቅ አስፋልት ላይ ፎር ዊል አታስገባ።

መልስ ፦ መረሬ

ወደ ጭቃው እንምጣ። በቾና ቦንጋ አንድ ጭቃ አይደሉም፤ ለሁለቱም አንድ ንፋስ የሚነግርህን አትስማ።

የቦንጋና የጅማ ቀይ አፈር ላዩ ይሟልጫል፣ ከሥሩ ግን ብዙውን ጊዜ ደረቅ ነው። እዚያ ጠላትህ መንሸራተት ነው። 26 ወይም 28 አድርግ፣ ፎር ሃይ (ፈጣኑን ፎር ዊል) አስገባ፣ ፍጥነትህን ሳታቆራርጥ ሂድ። የጎማው ጥርስ ላዩን ቀዶ ጠንካራውን እንዲይዝ ንፋሱ በጣም መውረድ የለበትም።

የበቾ መረሬ፣ ማለትም ጥቁሩ አፈር፣ ሌላ ነው፤ ይጣበቃል። አንድ ዙር እንደዞረ በጥርሶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላውና ጎማው ክብ ጭቃ ይሆናል። የጭቃ ጎማ የሚጠቅመው ጭቃውን ከጥርሱ ሲያራግፍ ብቻ ነው፤ ለማራገፍ ደግሞ መሽከርከር አለበት። ስለዚህ ፎር ሎው (ዝግተኛው ፎር ዊል) በአንደኛ ማርሽ እየተንፏቀቁ መሄድ እዚህ አይሠራም። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ያዝ፣ ሞተሩን አታሳንቀው፣ ፍሪሲዮን አትርገጥ። መኪናው መዘግየት ሲጀምር መሪውን በትንሹ ግራ ቀኝ ወዝውዘው፤ የጎማው የጎን ጥርሶች አዲስ አፈር ይነክሳሉ። ወደ ፊት መሄዱ ካቆመ ግን በዚያች ቅጽበት ነዳጁን ልቀቅ። ከዚያ በኋላ የምታሽከረክረው እያንዳንዱ ዙር ሻንሲውን ወደ መሬት ያወርደዋል። በራስህ ፈለግ ወደ ኋላ ውጣ።

ንፋሱን ከ25 ጀምር፣ ካልያዘ 22፣ ከዚያ 20። ተጭነህ ከ20 አትውረድ፤ ባዶ ከሆንክ 18 ይበቃል። ከ15 በታች የጎማው ጠርዝ ከቸርኬው ሊወጣ ይችላል። በወረደ ንፋስ ከ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት አትለፍ፣ አስፋልት ሳትደርስም ሙላ።

ፈተናውን መግቢያውም መውጫውም በሚታይህ 50 ሜትር በማይሞላ ቦታ አድርግ። መጀመሪያ በእግር ሂድበት፣ በዱላ ውጋው። ዱላው ጠንካራ ሳያገኝ ከ20 ሳንቲ ሜትር ካለፈ የኋላ ዲፈረንሺያሉ መሬቱን ማረስ ይጀምራል፤ ሌላ ቦታ ፈልግ። ሁለተኛ መኪና፣ አካፋ፣ የመጎተቻ ቀበቶና ሁለት ሻክል (ቀበቶውን ከመኪናው የሚያያይዝ የብረት ቀለበት) ይኑር። ቀበቶውን ተጎታች ማያያዣው ኳስ ላይ ፈጽሞ አታስር፤ ተሰብሮ ሲወረወር ሰው ይገድላል።

መልስ ፦ መሪ ጨባጭ

መረሬ፣ በአንዱ ነገር ላይ አልስማማም። ሰኔ መጀመሪያ ላይ የበቾ አፈር ላዩ ብቻ ነው የሚርሰው፤ ሥሩ ገና ድርቅ ያለ ነው። ያኔ 25 ራሱ ያንሳል፤ 30 ላይ ሆኖ ቀዶ የሚወርድ ጎማ ይሻላል።

መልስ ፦ መረሬ

ልክ ነህ፣ ለሰኔ እቀበላለሁ። የኔ ቁጥር አፈሩ እስከ ታች ለጠገበበት ለሐምሌና ለነሐሴ ነው። ዱላው ይወስን፦ 10 ሳንቲ ሜትር ላይ ጠንካራ ካገኘ ንፋሱን አታውርድ፤ ካላገኘ አውርድ።

ጠያቂው ፦ የበቾ መንገደኛ

ሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የነካው የጭቃ መከላከያው ጠርዝ ነበር፤ ተቆርጦ ቆሟል። የፊት ቀኙ ጎማ ግማሽ ዙር ዞሮ ባላንስ ሲሠራ 80 ላይ ጸጥ አለ። የጠመኔው ፈተና ተጭኖ ኋላ 40 ላይ እኩል ጠፋ፤ ሙቀቱ 5 ጨመረ። አሁን የመጣው ሌላ ነው፦ ከጭቃ ወጥቼ 25 የነበረውን መልሼ ሞልቼ አስፋልት ስይዝ እንደገና መንቀጥቀጥ፣ በዚህኛው በወንበሩ በኩል። ነጩ መስመር አልተሰበረም።

መልስ ፦ ጎሚስታ ዘሰባተኛ

መስመሩ ካልተሰበረ ጎማው ቸርኬው ላይ አልተንሸራተተም። በኋላ ቸርኬዎቹ ውስጠኛ ጎን ላይ የደረቀ ጭቃ አለ። መረሬ ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ ይይዛል፤ ከውጭ ማጠብ አይነካውም። መኪናውን በክሪክ አንሳና ከውስጥ በኩል ውሃ እየረጨህ በእንጨት ፋቀው፤ በብረት ከሆነ የባላንስ እርሳሱን ትነቅለዋለህ። ሳይደርቅ እዚያው ሜዳው ዳር ማራገፍ ይቀላል። ታጥቦም ከቀጠለ የኋላዎቹን ብቻ ባላንስ አስለካ።

በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ደግሞ ስኮርታውን ጨምረህ አምስቱን አዘዋውር። የጭቃ ጎማ ጥርስ ባለበት ከቆየ በአንድ በኩል እየተበላ መጮህ ይጀምራል፤ ስኮርታህም አዲስ እንደሆነ ከቀረ፣ በፎር ዊል ጊዜ ካረጁት ጋር ሲገባ በቁመት ልዩነት ማርሹን ያስጨንቃል።