«ስንፍና የሚጀምረው ከቤት ነው» ተባልን

የናቲ እናት፦ ትናንት ከወላጅ ስብሰባ ደሜ ፈልቶ ነው የወጣሁት። ላልመጣችሁ ልንገራችሁ። ትምህርት ቤታችን ከእድሩ፣ ከሰፈሩ ስፖርት ማኅበርና ከጤና ኤክስቴንሽኗ ጋር ተስማምቷል። ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ጠዋት 1 ሰዓት ልጅና ወላጅ ሜዳ ወጥቶ ስፖርት ይሠራል። ምሳ ዕቃ ውስጥ ለስላሳ፣ ችፕስና ብስኩት ክልክል ነው። ይሁን፣ ደግ ነገር ነው። ግን አንዱ የኮሚቴ አባል ማይክ ሲይዝ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ስንፍና የሚጀምረው ከቤት ነው።» እኔ 11 ሰዓት ተነስቼ፣ 12 ሳይሞላ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነኝ። ከቦሌ አራብሳ መገናኛ፣ ከመገናኛ ሜክሲኮ። ማታ 2 ሰዓት እገባለሁ። ሰነፏ እኔ ነኝ?

ቲቸር፦ እህቴ፣ እኔም እዚያው ነበርኩ። ሰውየው ያለው «ስንፍናም ጉብዝናም የሚጀምረው ከቤት ነው» ነው። ግማሹን ቆርጠሽ አምጥተሽ ሰው አታስቆጪ።

የናቲ እናት፦ እና ጉብዝናው ሲጨመርበት ስድቡ ምርቃት ሆነ?

ፎቅ 4፦ እኔ ውሃ ሲጠፋ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ተሸክሜ 4ኛ ፎቅ ድረስ እወጣለሁ። ሊፍት የለም። ቅዳሜ ደግሞ ልሩጥላችሁ?

አራብሳ ነባር፦ ልጆች፣ አትቆጡ። ሰውየው እውነቱን ነው። እኛ በእግራችን ሄደን ነው የተማርነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ ደብተሩን ይዞ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ይማር ነበር፤ ሲመለስም 10። አድጎም ሲሮጥ ግራ እጁን አይታችሁታል? ደብተር የያዘ ነው የሚመስለው። የዛሬ ልጅ ሁለት ፌርማታ ለመሄድ ሰርቪስ ይላል። ይሄ ስንፍና ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

የሰርቪስ ሹፌር፦ ጋሼ፣ ኃይሌ በሮጠበት መንገድ ሲኖትራክ አልነበረም። ጠዋት ወደ አስፋልቱ ወርደው አይተውታል? አሸዋ የጫነ ሲኖ እየተሽቀዳደመ ነው የሚያልፈው። የእግረኛ መንገዱ ላይ ብረትና ብሎኬት ተከምሯል። የ7 ዓመት ልጅ ብቻውን ይለቁታል?

አራብሳ ነባር፦ ብቻውን አላልኩም። ወላጁ ይዞት ይሂድ።

የናቲ እናት፦ ወላጁ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነዋ ጋሼ!

ነርሷ፦ ከስድቡ ወጣ ብለን ነገሩን እንየው። 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ውስጥ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለ። በሻይ ማንኪያ 7 ወይም 8 ነው። ለልጃችሁ ሻይ 8 ማንኪያ ስኳር ትጨምራላችሁ? የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነቱን ማንቀሳቀስ አለበት ይላል። በቀን ነው ያልኩት። የኛ ልጆች ከሰርቪስ ወደ ክፍል፣ ከክፍል ወደ ሰርቪስ፣ ከዚያ ስልክ ላይ ናቸው።

ፎቅ 4፦ ሲስተር፣ በ2011 በተደረገው ጥናት በአገሪቱ ከ5 ዓመት በታች ካሉት ልጆች 37 በመቶው ቀንጭረዋል። እኛ ችፕስ እንፈትሻለን። የጠገበ ሰፈር ጭንቀት ነው ይሄ።

ነርሷ፦ የጠገበ ሰፈር? አራብሳ? ደግሞም ሆዱ በብስኩት ሞልቶ ደም ማነስ ያለበት ልጅ ሞልቷል። መቀንጨሩም ይሄኛውም አንዱ ምክንያታቸው የምግብ ዓይነት ማነስ ነው። ብዛት ብቻ አይደለም።

ኡሙ ሰልማን፦ የኔ ልጅ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። የከተማው ምገባ ከመጣ ወዲህ ቁርስም ምሳም እዚያው ይበላል። አንድ ቀን ሩዝ፣ አንድ ቀን ምስር በእንጀራ። መጋቢዎቹ የሰፈር እናቶች ናቸው፤ ያልበላ ልጅ ካዩ ስሙን ጠርተው ነው የሚያስቀምጡት። ምሳ ዕቃ ማሰር ረስቻለሁ። እንግዲህ እኔም ሰነፍ ነኝ ማለት ነው 😂

ፎቅ 4፦ እኛ ደግሞ በየወሩ እየከፈልን ችፕስ እናበላለን። ጉድ እኮ ነው።

የሰርቪስ ሹፌር፦ ስለ ችፕሱ አንድ ነገር ልጨምር። ምሳ ዕቃ በር ላይ ይፈተሻል። ጥሩ። 4 ሰዓት ዕረፍት ላይ ልጆቹ በአጥሩ ቀዳዳ እጃቸውን አውጥተው ከሱቅ ይገዛሉ። በየቀኑ ቆሜ የማየው ነው። አጥሩ ጋ መድረስ ያልቻለ ደግሞ እዚያው ግቢ ውስጥ ካለችው የትምህርት ቤቱ ሱቅ ይገዛል።

የናቲ እናት፦ ይኸው! ትምህርት ቤቱ ራሱ እየሸጠ ስንፍናው ከኔ ቤት ጀመረ?

ቲቸር፦ የግቢው ሱቅ ጉዳይ እየታየ ነው።

የናቲ እናት፦ «እየታየ ነው» ማለት ምን ማለት ነው? የኔ ምሳ ዕቃ ሳይታይ ነው የተከለከለው።

ፎቅ 4፦ ቲቸር፣ እስቲ በእውነት ንገረን። በሳምንት ስንት የስፖርት ፔሬድ አለህ?

ቲቸር፦ ሁለት። አርባ አርባ ደቂቃ።

ነርሷ፦ በሳምንት 80 ደቂቃ። ለሁለት ቀን እንኳ አይበቃም።

ፎቅ 4፦ ሁለቱስ ይሠራል?

ቲቸር፦ ፈተና ሲደርስ ሒሳብ መምህሩ ለማካካሻ ይወስደዋል። አልዋሽም። ግቢውም ጠባብ ነው። ቤቱ ጂ ፕላስ ቱ ቪላ ነበር። ልጆቹ ለዕረፍት ተራ በተራ ነው የሚወጡት። እንዳይጋጩ መሮጥ አይፈቀድም። ለዚህ ብለን ነው ከማኅበሩ ጋር ሜዳውን የጠየቅነው። አምስት ወር ለምኜ ያገኘሁት ነገር ነው። እናንተ አንድ ቃል ይዛችሁ ልታፈርሱት ነው።

የናቲ እናት፦ መሮጥ ክልክል የሆነበት ትምህርት ቤት ነው ሰነፍ ያለኝ። አመሰግናለሁ ቲቸር፤ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም።

አራብሳ ነባር፦ ልጄ፣ እንግዲህ ተይው። ቃል ነው፤ አፍ አምልጦት ነው።

ኡሙ ሰልማን፦ ጋሼ፣ እርስዎም እኮ «እውነቱን ነው» ብለው ነበር ቅድም።

አራብሳ ነባር፦ አሁንም እውነቱን ነው። አነጋገሩ ነው ያልሰመረው።

የሰርቪስ ሹፌር፦ ለቅዳሜው የሚታደለውን ቲሸርት ያያችሁ አላችሁ? ጀርባው ላይ የለስላሳ ማስታወቂያ ነው 😂😂

ነርሷ፦ አትቀልድ።

የሰርቪስ ሹፌር፦ ካርቶኑን ያመጣሁት እኔ ነኝ ሲስተር። የሰፈሩ አከፋፋይ ነው ስፖንሰሩ። ለሯጮቹም ቀዝቃዛ ለስላሳ በነፃ ይሰጣል ተብሏል።

ፎቅ 4፦ ሮጠህ ታወጣለህ፣ ጠጥተህ ትመልሳለህ። ሒሳቡ ተዘጋ።

ቲቸር፦ ሌላ ማን ቲሸርት ይሰጣል? እናንተ ታወጣላችሁ? መዋጮ ብንል ነገ ደግሞ ለምን ተዋጣ ልትሉ ነው። ቲሸርቱን ገልብጠን እንለብሳለን።

ነርሷ፦ ቲሸርቱን ገልብጡት። ለስላሳውን ግን እኔ ባለሁበት አታድሉም። ቆሎና ውሃ አመጣለሁ።

የናቲ እናት፦ ምግቡን ካነሳችሁ፣ የታደለንን የምሳ ዝርዝር አይታችሁታል? ረቡዕ «የተቀቀለ እንቁላልና ሙዝ» ይላል። ረቡዕ! ማን ነው ያወጣው?

ኡሙ ሰልማን፦ የኛ ልጆች ረቡዕ ቢበሉ ምን ችግር አለው?

የናቲ እናት፦ የናንተ ይብሉ እህቴ፣ ማን ከለከለ? የኔ ልጅ 9 ዓመቱ ነው፣ መጾም ጀምሯል። ሌላው ልጅ ፊቱ እንቁላል ሲልጥ ያያል።

ነርሷ፦ ረቡዕ ሽምብራ ወይም ለውዝ ይያዝ፣ ማክሰኞ እንቁላል። አለቀ።

ኡሙ ሰልማን፦ ማክሰኞ እንቁላል፣ እሺ። የእንቁላሉን ዋጋስ ኮሚቴው ይከፍላል?

ፎቅ 4፦ ዋጋው ራሱ ያስጾማል።

አራብሳ ነባር፦ በጾም አይቀለድም።

ፎቅ 4፦ በእንቁላሉ ነው የቀለድኩት ጋሼ።

ቲቸር፦ እባካችሁ ወደ ቅዳሜ እንመለስ። የሜዳው በር ቁልፍ ማን ጋ ነው?

የሰርቪስ ሹፌር፦ እድሩ ዘበኛ ጋ። ግን ቲቸር፣ ሜዳው ግማሹ አሁን የመኪና ማደሪያ ነው። ማታ ማታ ከ10 በላይ መኪና ያድራል። ጠዋት 1 ሰዓት አይወጡም፤ ቅዳሜ ነው፣ ባለቤቶቹ ተኝተዋል።

ፎቅ 4፦ በመኪና መሐል ስፖርት። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉሃል ይሄ ነው።

ቲቸር፦ ቢያንስ አርብ ማታ እንዲያወጡ እነግራቸዋለሁ።

የሰርቪስ ሹፌር፦ አንዱ መኪና የኔ ነው። እኔ አወጣለሁ። የሌሎቹን አላውቅም። አንደኛው ግን የኮሚቴው ሰውዬ ነው፤ ያ ማይክ የያዘው።

የናቲ እናት፦ ሃ! መኪናውን ያውጣ፣ ከዚያ ይቅርታ ይጠይቅ፣ ከዚያ ናቲን ይዤ እመጣለሁ።

ቲቸር፦ ይቅርታው ግዴታ ነው?

የናቲ እናት፦ ማይክ ይዞ ነው የሰደበኝ፤ ማይክ ይዞ ይጠይቅ።

ፎቅ 4፦ ውሃ መጣች! ቶሎ በሉ፣ በርሜላችሁን ክፈቱ።

ኡሙ ሰልማን፦ እኛ ብሎክ አልመጣም።