ሞተሩ እየዞረ የማይወጣ የመኪና አንቴና

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ ያለኝ አሮጌ ቶዮታ ክራውን ነው። ሬዲዮውን በከፈትሁ ቁጥር የአንቴናው ሞተር በኋላው ፓራፋንጎ ውስጥ ሲዞር ይሰማኛል፤ ዘንጉ ግን ከአንድ ጣት በላይ አይወጣም። ሙሉውን ልቀይር ወይስ ይጠገናል?

ምላሽ 1፦ ወንድሜ፣ ሞተሩ የሚዞር ከሆነ ሙሉውን መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው። ዘንጉን የሚገፋው ባለ ጥርስ የናይለን ገመድ ተበጥሶ ይሆናል። ከዘንጉ ሥር ያለውን ዳዶ ፈትተው ሬዲዮውን ይክፈቱና ሞተሩ ሲገፋው ዘንጉን ቀስ ብለው ይሳቡት። አዲሱን ዘንግ ከነገመዱ ሲያስገቡ የገመዱን ጥርስ ወደ ሞተሩ ማርሽ ያዙሩት፤ ሬዲዮውን ሲዘጉ ሞተሩ ራሱ ይጎትተዋል።

ምላሽ 2፦ የገመዱ ቁራጭ ውስጥ ከቀረ ግን ይህ ብቻውን አይበቃም። የባትሪውን ገመድ ነቅለው፣ ሞተሩን አውርደውና ክዳኑን ከፍተው ቁራጩን ካላወጡት፣ አዲሱንም ይቀረቅረዋል። አሮጌውን ዘንግ ይዘው ሶማሌ ተራ ይሂዱ፤ ርዝመቱና የጥርሱ ዓይነት ካልገጠመ አይግዙ።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። ዘንጉን ግራሶ ልቀባው?

ምላሽ 2፦ በፍጹም! የእኛ ኮረኮንች አቧራ በግራሶ ላይ ይጋገርና ዘንጉን ያስይዘዋል። በንጹሕ ጨርቅ አዘውትረው ይጥረጉት።