የእማዬን ቅቤ ቆለፍኩባት፤ አጠፋሁ?

የሆጤዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እማዬ 71 ዓመቷ ነው። ባለፈው በርበሬ ልትገዛ ሰኞ ገበያ ሄዳ መመለሻው ጠፋባት። ስንት ዘመን የተመላለሰችበት መንገድ! አንድ ባለ ባጃጅ አውቋት ከቧንቧ ውሃ ሰፈር አመጣት። በርበሬው የለም፤ በዘንቢሉ ሙሉ ሽንኩርት ነው። ቤት ደግሞ ሽንኩርት ሞልቷል።

ጎረቤታችን «ስቡ ጭንቅላቷ ላይ ወጥቶ ነው» አለች። ደንግጬ የቅቤውን ማሰሮ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩት። ይኸው ሁለት ሳምንት፣ ሽሮውን ቀመስ አድርጋ ትገፋዋለች። «ምን በደልኩሽ?» ትለኛለች። ሌላውን ስትረሳ ቅቤውን አልረሳችም! እውነት ቅቤ አንጎል ላይ ይጋገራል?

የላብራቶሪው (ኮምቦልቻ)፦
አብሽሪ እህቴ። አይጋገርም። በደምና በአንጎል መካከል ጥብቅ አጥር አለ፤ በደም ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል (የስብ ዓይነት ነው) እሱን አያልፍም። አንጎል የሚፈልገውን እዚያው ይሠራል። ከክብደታችን 2 በመቶ ብቻ ሆኖ ከሰውነታችን ኮሌስትሮል 20 በመቶ ገደማ እሱ ጋ ነው። የነርቮቹ ሽፋን ራሱ በአብዛኛው ስብ ነው።

ጣጣው ማጓጓዙ ላይ ነው። አፖኢ የሚባል ፕሮቲን ስቡን ጭኖ ከደጋፊ ሴሎች ወደ ነርቮች ያደርሳል። አፖኢ4 የሚባለው ዓይነት ግን ሥራውን በደንብ አይሠራም፤ ስቡ ደጋፊ ሴሎቹ ውስጥ ይከማቻል። ሀረጎ ዳገት ላይ መኪና ሲገተር አስቢው፤ ጭነቱ አለ፣ ደሴ ግን አልደረሰም። አፖኢ4 አልዛይመር ከሚባለው የመርሳት በሽታ ጋር መያያዙ የታወቀው በ1993 ነው። የስቡን ክምችት ግን ዶክተር አልዛይመር ራሱ በ1907 ጽፎት ነበር። ለረጅም ጊዜ ልብ ብሎ ያየው ጥቂት ሰው ነው፤ ይሄ ሁሌ ያናድደኛል።

ነርስ ነኝ፦
ይሁን፣ ግን ቅቤው በልክ። በጎልማሳነት ዕድሜ ኤልዲኤል የሚባለው «መጥፎ» ኮሌስትሮል መብዛት ለመርሳት በሽታ እንደሚያጋልጥ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት የባለሙያዎች ኮሚሽን በ2024 አስፍሯል። ደግሞ መርሳት ሁሉ አልዛይመር አይደለም። ቫይታሚን ቢ12 እና ታይሮይዷን (የአንገት ዕጢዋን) አስመርምሪ። ድብርትም ያስረሳል።

የሆጤዋ፦
አፖኢ4 ይወረሳል እንዴ? ለእማዬ አይደለም የምጠይቀው።

የላብራቶሪው (ኮምቦልቻ)፦
ይወረሳል። ግን ያለበት ሁሉ አይታመምም፤ የሌለበትም ይታመማል።

የሆጤዋ፦
እሺ። ሐሙስ ለምርመራ እወስዳታለሁ። ማታ ሽሮው ላይ አንድ ማንኪያ ጣል አደረግሁ። ገና ሳትቀምሰው፣ በመዓዛው ብቻ፣ «ቁልፉ ተገኘ?» አለችኝ።