ሐዋሳ ውስጥ የማየው ፖሊስ ተጠሪነቱ ለማን ነው?

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ። ሐዋሳ ፒያሳ ስልክ እጠግናለሁ። ደንበኞቼ ውስጥ ፖሊሶች አሉ፤ አንዱ የሲዳማ ክልል፣ አንዱ ፌዴራል። ልጅ ሳለሁ ግን እዚሁ ከተማ የማውቀው «የደቡብ ፖሊስ» ነበር። ማን ነው አለቃቸው? ድሮስ እንዴት ነበር?

ጡረተኛው፦ ልጄ፣ እኔ በደርግ ጊዜ ነው የተቀጠርኩት። ያኔ ፖሊስ አንድ ነው። ትእዛዙ ከአዲስ አበባ ይወርዳል። ዛሬ ሐዋሳ፣ ነገ ጎባ ብትባል ጓዝህን ጠቅልለህ ትሄዳለህ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ታማርራለች! በምኒልክ ጊዜ የአዲስ አበባን ጸጥታ የሚጠብቅ የአራዳ ዘበኛ ነበር። አገር አቀፉ ፖሊስ የተደራጀው ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. አዋጅ ነው። በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር ነበር፤ እንግሊዞችም በማደራጀቱ እጃቸው አለበት።

የሕግ ተማሪ፦ ጋሼ ያሉት ልክ ነው። የተከፋፈለው በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 51 የፌዴራል ፖሊስን ለፌዴራሉ መንግሥት ይሰጣል፤ አንቀጽ 52 የክልል ፖሊስን ለክልሉ። ሲዳማ በ2012 ከደቡብ ክልል ተነጥሎ ክልል ሲሆን የራሱን ፖሊስ ይዞ ወጣ። በ2015 ደግሞ የክልል ልዩ ኃይሎች ፈርሰው አባላቱ ወደ መከላከያ፣ ወደ ፌዴራልና ወደ ክልል ፖሊስ እንዲገቡ ተወሰነ። እና በአንድ ከተማ የተለያየ ዩኒፎርም ብታይ አይግረምህ።

ጠያቂ፦ እሺ፣ ከሱቄ ስልክ ቢሰረቅስ?

የሕግ ተማሪ፦ ለሰፈርህ ጣቢያ ታመለክታለህ፣ የክልሉ ነው። ሐሰተኛ ብር ቢሰጡህ ግን ጉዳዩ የፌዴራል ወንጀል ነው። ያኔም መጀመሪያ ቅርብህ ያለውን ጣቢያ ጥራ።

ጡረተኛው፦ የስልኩን መለያ፣ አይኤምኢአይ የሚባለውን ቁጥር፣ ጽፈህ አስቀምጥ። መርማሪው መጀመሪያ የሚጠይቅህ እሱን ነው።