ክፍት ሃርድዌር የሚለውን ምልክት ታፔላ ላይ ማድረግ ይቻላል?

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። የሶላር ቻርጅ መቆጣጠሪያ ሠርተን ዲዛይኑን በነፃ ለቀነዋል። የክፍት ሃርድዌር (ማንም ዲዛይኑን አይቶ ሊሠራውና ሊያሻሽለው የሚችል ዕቃ) ማረጋገጫ ምልክቱን የሱቁ ታፔላ ላይ ማድረግ እንችላለን? ክፍያስ አለው?

መልስ (ደሴ)፦ ታፔላው ላይ አይሆንም ወንድሜ። ኦሽዋ የተባለው የክፍት ሃርድዌር ማኅበር ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማረጋገጫውን የሚሰጠው ለምርት እንጂ ለድርጅት አይደለም። ክፍያ የለውም። ቅጹን ሞልታችሁ በውሉ ስትስማሙ የአገር ኮድና ስድስት አሃዝ ያለው መለያ ቁጥር ታገኛላችሁ። ብዙው ሰው የሚሰናከለው ፋይሉ ላይ ነው፦ ገርበር (ለፋብሪካ የሚላከው የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ሥዕል) እና ፒዲኤፍ ብቻ አይበቃም፤ ሌላ ሰው ከፍቶ የሚያሻሽለው የኪካድ (የቦርድ መንደፊያ ፕሮግራም) ፋይል ከነዕቃ ዝርዝሩ መቀመጥ አለበት። «ለንግድ አይውልም» የሚል ፈቃድ ካለበት ደግሞ ጭራሽ ክፍት አይባልም፤ ይህን አደራ እንዳትዘነጉት። ከክፍት ፈቃዶቹ ለሃርድዌሩ ሰርን ኦኤችኤል፣ ለኮዱ ኤምአይቲ ወይም ጂፒኤል፣ ለመመሪያው ሲሲ ባይ ይሆናል።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ ቺፑ ግን የሌላ ኩባንያ ዝግ ዕቃ ነው።

መልስ (ወልድያ)፦ እሱ አያግድም፤ የእናንተ ሥራ የሆነው ግን ሁሉም ክፍት ይሁን። መለያ ቁጥሩን ቦርዱ ላይ ስታሳትሙ የፊደሉ ቁመት ከ1 ሚሜ፣ የመስመሩ ውፍረት ከ0.15 ሚሜ አይነስ። ካነሰ ቀለሙ ይደፈንና 8 ከ0 አይለይም። የሚበየድበት ፓድ ላይም አታሳርፉት፣ ፋብሪካው ፓዱ ላይ ያረፈውን ጽሑፍ ቆርጦ ይጥለዋል።