እሳትና ውሃ በምን ይታረቃሉ? ስለ «ባሕርይ»፣ «ጠባይ» እና «ሐሞት»

ጥያቄ፦ ሰላም ለቤቱ። ስለ አራቱ ባሕርያት (መሬት፣ ውሃ፣ ነፋስ፣ እሳት) አንድ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ «በዕለት ኑሮ የአራቱን ሚዛን መጠበቅ» ብዬ ጻፍኩ፤ ግን አልጥም አለኝ። አማርኛው ምን ይላል? ባሕርይና ጠባይስ አንድ ናቸው?

መልስ፣ ከጎንደር፦ ጆሮዎ ልክ ነው። ሚዛን ለእህልና ለፍርድ ያምራል፤ ለባሕርይ ግን ቤተኛው ግስ «ማስማማት» ወይም «ማስታረቅ» ነው። እዚህ በአብነት ትምህርት ቤት ደጅ ያደገ ሁሉ ሲባል የሰማው እንዲህ ነው።

በሥነ ፍጥረት ትምህርት እሑድ ከተፈጠሩት 8 ፍጥረታት አራቱ መሬት፣ ውሃ፣ ነፋስና እሳት ናቸው፤ የሰውም ሥጋ ከእነዚሁ ነው። እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ጠባይ አላቸው። እሳት ውዑይ (ትኩስ)፣ ይቡስ (ደረቅ)፣ ብሩህ ነው። ነፋስ ውዑይ፣ ርጡብ (እርጥብ)፣ ጽሉም (ጨለማ)። ውሃ ቆሪር (ቀዝቃዛ)፣ ርጡብ፣ ብሩህ። መሬት ቆሪር፣ ይቡስ፣ ጽሉም። አሁን ሁለት ሁለቱን ያጋጥሟቸው። እሳትና ነፋስ በትኩስነት፣ ነፋስና ውሃ በርጥበት፣ ውሃና መሬት በቅዝቃዜ፣ መሬትና እሳት በድርቀት ይገናኛሉ። እስከዚህ የግሪኮቹ ፈላስፎችም ይስማማሉ። እነሱ ግን ለእያንዳንዱ የሰጡት ሁለት ጠባይ ብቻ ስለሆነ እሳትና ውሃ የሚገናኙበት አጡ። እኛ ዘንድ ሦስተኛው ታከለና እሳትና ውሃ በብርሃን፣ ነፋስና መሬት በጨለማ ታረቁ። ያለ አስታራቂ የቀረ ጥንድ የለም! ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። «ጠባዩን አረቀ» የምንለውም ለዚህ ትምህርት እጅግ የተስማማ አነጋገር ነው፤ እሳቱ ይጥፋለት አንልም።

ባሕርይና ጠባይ በጥንቱ አጠራር ይቀራረባሉ። ጠባይ የግእዙ «ጠባይዕ» ነው፤ ከዐረብኛው ቃል ጋር አንድ ሥር አለው። ዛሬ ግን ባሕርይ የማይለወጠው፣ ጠባይ የሚታረቀው ሆኗል። ዐመል ደግሞ ከሁለቱም ይብሳል፤ «ዐመል ያወጣል ከመሀል» እንዲሉ።

ትልቁ ጥንቃቄ ሐሞት ላይ ነው። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ሐኪም ጋሌን ከጥንቱ ግሪካዊ ሐኪም ከሂፖክራተስ ወገን የወረሳቸውን አራቱን የሰውነት ፈሳሾች፣ ማለት ደምን፣ አክታን፣ ቢጫ ሐሞትንና ጥቁር ሐሞትን፣ ከሰው ጠባይ ጋር አያይዟል። በዚያ ትምህርት ቢጫ ሐሞት የበዛበት ቁጡ ነው። እኛ ግን ሐሞትን የድፍረት መቀመጫ አድርገነዋል፤ ሐሞተ ቢስ ፈሪ ነው፣ ሐሞቱ ፈሰሰ ስንል ወኔው ከዳው ማለታችን ነው። ስለዚህ ቁጡውን «ሐሞታም» ብለው ቢመልሱት አንባቢ ጀግና ይመስለዋል። ቁጣ እኛ ዘንድ የደም ነው፤ ደሙ ፈላ እንላለን። መሬትም እንዲሁ ነው። እዚያ መሬት ከጥቁር ሐሞትና ከትካዜ ጋር ይሄዳል፤ እዚህ «መሬት ናት» ከተባለች ሁሉን ቻይ፣ ትዕግሥተኛ ተብላ ተመሰገነች።

ባለፈው አንዲት ጎረቤታችን ልጃቸው ውሃ ቀጠነ ብሎ ሲጮህባቸው፣ የተልባውን ሙቀጫ ሳይለቁ «እሳት ሆነህ አትግባብኝ፤ መሬት ሁንና እንነጋገር» ሲሉት ሰማሁ። እሱም በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። አራቱን በኑሮ ማስማማት ማለት ለእኔ ይኸው ነው፤ ከቁጣው ጋር የሚገናኝ ጠባይ ፈልጎ በዚያ በኩል መግባት።

ሌላ አባል፦ ታዲያ ባልና ሚስት ሲጣሉ «ኮከባቸው አልገጠመም» የሚባለውስ ከዚሁ ነው?

መልስ፦ አዎ፣ ግን በሌላ መንገድ የመጣ ነው። ኮከብ ቆጣሪዎች 12ቱን ከዋክብት ለአራቱ ባሕርያት ሦስት ሦስት አድርገው ያድላሉ፤ ሐመል፣ አሰድና ቀውስ የእሳት፣ ሸርጣን፣ ዓቅራብና ሑት የውሃ ናቸው። ከዚያ የእሳቱንና የውሃውን ጋብቻ አይገጥምም ብለው ይከለክላሉ። የሥነ ፍጥረቱ ትምህርት ግን ሁለቱ በብርሃን ይታረቃሉ ይላል። እኔ የምይዘው ይህን ነው፤ በትርጉምዎም ሁለቱን አያቀላቅሏቸው።